መለየትና መለያየት፤ የጋል ወፎች የዘር ቆጠራ ታሪክ

«ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይላል የአገራችን ሰው። ሰው ያደገበት አገር በአነጋገሩ ያስታውቃል ለማለት ነው። ዛሬ ታሪኳን የምናነሳት ወፍ ግን አገሯን የምትናገረው ከጩኸቷ ይልቅ በላባዋ ነው። ከየት እንደ መጣች፣ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ፣ የብርዱን ወራት የት እንዳሳለፈች በክንፏ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ችግሩ ጽሕፈቱን ማንበቡ ነው። ይህን ንባብ ለመማር የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል። በመካከሉም የማይናወጥ እውነት የመሰለ አንድ ታላቅ ታሪክ ገንብተው፣ ተማሪ ሁሉ እንዲያጠናው አድርገው፣ ኋላ ተከታዮቻቸው አፍርሰውታል።

ወፏን እንግሊዞች «ጋል» ይሏታል። በባሕር ዳርቻና በትላልቅ ሐይቆች ዙሪያ የምትኖር፣ ራሷና ሆዷ ነጭ፣ ጀርባዋ እንደየወገኗ ከብርማ ግራጫ እስከ ከሰል ጥቁር የሚደርስ፣ የዓሣ አስጋሪን ትርፍራፊ የምትሻማ ወፍ ናት። እኛ ከባሕር ርቀን የምንኖር ሰዎች ስለሆንን ብዙዎቻችን «የባሕር ወፍ» ብለን እናልፋታለን። ይሁንና ለአገራችን ባዕድ አይደለችም። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ግራጫ ራስ ያላት አንዲት የጋል ዓይነት ትኖራለች። አውሮፓ ሲበርድ፣ ማለትም የእኛ በጋ ሲገባ ደግሞ፣ ጀርባቸው የጠቆረ እንግዶች ከሰሜን ይመጣሉ። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቆች ዳር እነዚህን እንግዶች የሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ይመስሉታል። ነገር ግን አንዱ ከባልቲክ ባሕር ደሴቶች፣ ሌላው ከሰሜን ሩስያ በረዷማ ሜዳ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ የአንዲት ወፍ ጀርባ በጥቂቱ ጠቆረ አልጠቆረ ለእኛ ምናችን ነው? ክንፏን ሐምሌ ላይ ቀየረች ወይስ ኅዳር ላይ ብሎ መከራከርስ ሥራ የፈታ ሰው ጨዋታ አይደለምን? ይህ ጥያቄ በመጨረሻ መልስ ያገኛል። መልሱን ለማግኘት ግን ታሪኩን ከሥሩ መከተል ያስፈልጋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እናትና ልጅ ያልተዛመዱበት ዘመን

የመጀመሪያው ችግር ከዘር በፊት የዕድሜ ነበር። ትላልቆቹ የጋል ወፎች ለአቅመ አዳም እስኪደርሱ አራት ዓመት ያህል ይወስድባቸዋል። በመጀመሪያው ዓመት ከጭራ እስከ ራስ ቡናማ ዥጉርጉር ናቸው፤ ምንቃራቸውም ጥቁር ነው። በሁለተኛው ዓመት ጀርባቸው ላይ ግራጫ ወይም ጥቁር ላባ ጣል ጣል ይላል። በሦስተኛው ወደ ወላጆቻቸው ይቀርባሉ። በአራተኛው ነጩ ነጭ፣ ጥቁሩ ጥቁር ሆኖ ይለያል፤ ምንቃሩም በቢጫ መደብ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ቤተሰብ ባሕር ዳር ቆሞ ቢታይ አራት የተለያዩ ወፎች ይመስላል።

የቀድሞ ሊቃውንት የተሳሳቱትም በዚህ ነው። የእንግሊዛዊው የፍራንሲስ ዊሉቢ የአእዋፍ መጽሐፍ እሱ ከሞተ በኋላ በወዳጁ በጆን ሬይ ተዘጋጅቶ በ1676 በላቲን፣ በ1678 በእንግሊዝኛ ታተመ። በዚያ መጽሐፍ የኮርንዎል ሰዎች «ዋግል» የሚሏት ትልቅ ግራጫ ጋል እንደ አንድ ራሷን የቻለች ወፍ ተቆጥራ ትገኛለች። ዋግል ግን የምናውቃቸው የትላልቅ ጋሎች ልጅ ናት። ልጅን ከእናቱ ለማዛመድ አንዲትን ወፍ ዓመት ከዓመት መከታተል ይጠይቃል። የዚያ ዘመን ሊቅ ደግሞ የሚያጠናው ተገድሎ የመጣለትን ወፍ እንጂ በሕይወት ያለውን አልነበረም።

ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ በ1758 ፍጥረትን ሁሉ በሁለት የላቲን ቃላት ሲሰይም፣ በአገሩ ባሕር የሚያያትን ጀርባ ጥቁር ጋል «ላሩስ ፉስኩስ» አላት። «ፉስኩስ» ማለት ጠቆር ያለ ማለት ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1763፣ የዴንማርኩ ጳጳስ ኤሪክ ፖንቶፒዳን ብርማ ጀርባ ያላትን ሌላዋን «ላሩስ አርጀንታቱስ» ብሎ ሰየማት። ብር የተቀባች እንደ ማለት ነው። ጥቁርና ብር፣ ሁለት ወፍ፣ ሁለት ስም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪክ ባልሆነ ነበር።

አልቆመም። የሰው እግር በራቀ ቁጥር የወፎቹ መልክ መሐል መሐሉን እየያዘ መጣ። ጀርመናዊው አልፍሬድ ብሬም በ1857 ከስፔን የተገኘችውንና ጀርባዋ የእርሳስ ማዕድን የሚመስል ግራጫ የሆነውን ለስፔናዊው ሊቅ ለግራኤልስ መታሰቢያ አድርጎ «ግራኤልሲ» አላት። በ1922 ደግሞ ዴንማርካዊው ሺዮለር በሁለቱ መካከል ያለችውን «ኢንተርሜዲየስ»፣ መካከለኛዋ፣ ብሎ ሰየማት። እነዚህ ዛሬ የላሩስ ፉስኩስ ንዑስ ዝርያዎች ተብለው ይቆጠራሉ። ንዑስ ዝርያ ማለት የአንድ ዝርያ ልጆች ሆነው በተለያየ አገር በመኖራቸው መልካቸውና ጠባያቸው በጥቂቱ የተለየ ወገኖች ማለት ነው። በዚህ የስም ዝርዝር ውስጥ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ስም አለ።

ከቴዎድሮስ ሰፈር እስከ ሰሜን ዋልታ

ቴዎዶር ፎን ሆይግሊን በ1824 በጀርመን ቩርተምበርግ ተወለደ። ወጣት ሳለ ወደ ግብፅና ሱዳን ወርዶ በካርቱም የኦስትሪያ ቆንስላ ተቀጠረ። በ1852 ከቆንስሉ ከዶክተር ራይትስ ጋር ወደ አገራችን ጉዞ ጀመረ። ራይትስ በዚያ ጉዞ ታሞ በ1853 ሞተ፤ ሆይግሊንም ሥልጣኑን ተረከበ። ይህ ሰው ዲፕሎማት ይባል እንጂ ልቡ ያለው ከወፍ ጋር ነበር። የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካን አእዋፍ እየሰበሰበ፣ እየሳለ፣ እየመዘገበ ኖረ።

በ1861 ደግሞ በዋዳይ የጠፋውን ጀርመናዊ አሳሽ ኤድዋርድ ፎግልን የሚፈልግ ቡድን መሪ ሆኖ ምፅዋ ገባ። መንገዱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ቻድ አቅጣጫ ነበር። ሆይግሊን ግን የሐበሻ ደጋ ስቦት ከዶክተር ሽቶይድነር ጋር ወደ ደቡብ ታጠፈ። አድዋን፣ አክሱምንና ጎንደርን አልፎ እስከ ዐፄ ቴዎድሮስ ሰፈር ዘለቀ። በጀርመን ጎታ ከተማ ሆኖ ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ይህን ሲሰማ መሪነቱን ነጥቆ ለሙንዚንገር ሰጠው። ይኸው ሙንዚንገር ኋላ የግብፅ ሹም ሆኖ በአገራችን ታሪክ ውስጥ የገባው ሰው ነው። ሆይግሊን ሹመቱን ቢያጣም የጉዞውን ታሪክ በ1868፣ ከ1869 እስከ 1874 ደግሞ ትልቁን የሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ የአእዋፍ መጽሐፉን አሳተመ።

በረሃና ደጋ ያልበቃው ይህ ሰው በ1870 እና በ1871 ወደ ሰሜን ዋልታ ባሕር፣ ወደ ስፒትስበርገንና ወደ ኖቫያ ዜምልያ ተጓዘ። ኅዳር 1876 በሽቱትጋርት ሞተ። በዚያው ዓመት እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ብሪ አንዲትን ጋል «ላሩስ ሆይግሊኒ» ብሎ በስሙ ሰየመለት። ይህች ወፍ በሰሜን ሩስያ በረዷማ ሜዳ ተፈልፍላ ያደገች፣ በብርዱ ወራት ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ ወደ ዓረብ ዳርቻዎችና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የምትወርድ ናት። ሰውዬው በሕይወቱ የሄደባቸውን ሁለት ዳርቻዎች፣ ሰሜን ዋልታንና ምሥራቅ አፍሪካን፣ እሷ በየዓመቱ ትመላለስባቸዋለች። ከዚህ የተሻለ መታሰቢያ ለአንድ መንገደኛ የሚገኝ አይመስልም።

ጥያቄው ግን ያኔም ዛሬም ያው ነው። የሆይግሊን ጋል ራሷን የቻለች ዝርያ ናት? ወይስ የፉስኩስ ንዑስ ዝርያ? ወይስ የብርማዋ ዘመድ? ጀርባዋ ከብርማዋ የጠቆረ፣ ከባልቲኳ የፈካ፣ መሐል ቤት የቆመች ወፍ ናት።

የሐኪሙ ሥራ

ለዚህ ጥያቄ መሣሪያ ያዘጋጀው ጆናታን ድዋይት የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1858 የተወለደው ድዋይት መጀመሪያ የምሕንድስና፣ ቀጥሎ የሕክምና ትምህርት ተምሯል። ልዩ ሙያው ግን ወፎች ላባቸውን የሚቀይሩበትን ሥርዓት ማጥናት ነበር። በ1925 በኒው ዮርክ የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም መጽሔት ላይ የዓለምን ጋሎች በሙሉ በላባ ልብሳቸው፣ በላባ ቅያሬያቸውና በዝምድናቸው የሚተነትን ትልቅ ሥራ አወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ሞተ።

ላባ የሞተ ነገር ነው። እንደ ጥፍራችንና እንደ ጠጉራችን ከበቀለ በኋላ አይድንም፤ ፀሐይና ጨው ያነጡታል፤ ነፋስና አሸዋ ይበሉታል። ስለዚህ ወፍ በየጊዜው አሮጌውን አራግፋ አዲስ ታበቅላለች። ዋናዎቹ የበረራ ላባዎች በጋል ክንፍ ጫፍ በኩል በእያንዳንዱ ወገን አሥር ናቸው። ሁሉም አንድ ጊዜ ቢረግፉ መብረር አይቻልም። ስለዚህ ከውስጠኛው ተጀምሮ አንድ በአንድ፣ ወደ ጫፍ እየተሄደ፣ ወራት በፈጀ ሥርዓት ይቀየራሉ። አዲሱ ጥቁርና አንጸባራቂ፣ አሮጌው የነጣና የተሸራረፈ ስለሆነ ቅያሬው የት እንደ ደረሰ ዓይን ያለው ሰው ይለየዋል።

የድዋይት ትምህርት በአጭሩ ይህ ነው፤ የወፏን ቀለም ከማየትህ በፊት ላባዋ ዕድሜው ስንት እንደሆነ እወቅ። ያረጀ ጥቁር ላባ ቡናማ ይመስላል። የነጣ ቡናማ ደግሞ ነጭ ይመስላል። ዕድሜና ወቅት ሳይታወቅ በቀለም ብቻ ዘር መቁጠር ዊሉቢና ሬይ ወደ ሄዱበት ስሕተት ይመልሳል።

ዓለምን የዞረው ሰንሰለት

ድዋይት ወፎቹን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ ሌሎች ደግሞ ሊያገናኟቸው ተነሡ። በ1934 ሩስያዊው ቦሪስ ስቴግማን የትላልቅ ጋሎችን ዝምድና የሚያሳይ ጥናት በጀርመንኛ አሳተመ። ይህንን የመሰለውን ሐሳብ አንሥቶ ዓለም ያወቀው ታሪክ ያደረገው ግን ኤርንስት ማየር ነው። ማየር በ1904 በጀርመን ተወልዶ ከ1931 ጀምሮ የድዋይት ሥራ በታተመበት በኒው ዮርኩ ሙዚየም ይሠራ ነበር። በ1942 ባወጣው የዝርያዎች አመጣጥ መጽሐፉ ጋሎቹን በምሳሌነት አቀረበ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ከብሪታንያ ተነሥተህ ወደ ምዕራብ ሂድ። ብሪታንያ ብርማዋን ጋል ታገኛለህ። አትላንቲክን ስትሻገር የምታገኛት የአሜሪካዋ ብርማ ጋል ዘመዷ ናት። አሜሪካን አቋርጠህ ምሥራቅ ሳይቤሪያ ስትደርስ ጀርባዋ ጥቂት ጠቆር ያለች ትመጣለች። ወደ ምዕራብ ሳይቤሪያ ስትቀጥል የበለጠ የጠቆረችው የሆይግሊን ጋል ትቀበልሃለች። ከዚያ ወደ ስካንዲናቪያ ስትሻገር ፉስኩስ አለች። እንደገና ብሪታንያ ስትገባ ክቡ ይገጥማል። በመንገዱ ሁሉ ጎረቤት ከጎረቤት ይጋባል፤ ድንበር የሚባል ነገር የለም። ሰንሰለቱ በሚገጥምበት በብሪታንያ ግን የመጀመሪያዋና የመጨረሻዋ፣ ብርማዋና ጀርባ ጥቁሯ፣ በአንድ ገደል ላይ ጎን ለጎን ይፈለፍላሉ፤ በአብዛኛውም አይጋቡም።

የዚህን ታሪክ ውበት ማንም ሊክደው አይችልም። ዳርዊን በረጅም ዘመን ውስጥ ተፈጸመ ያለው የዝርያ መለያየት እዚህ በመሬት ገጽ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። አንድ ዝርያ ሁለት የሚሆነው በየትኛዋ ቀን ነው? መልሱ «በየትኛዋም አይደለም፤ ቀስ በቀስ ነው» የሚል ይሆናል። መምህራን ወደዱት፤ የመማሪያ መጻሕፍት ተቀባበሉት። በመላው ዓለም ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የባዮሎጂ ተማሪዎች የጋሎቹን ክብ እየሳሉ ተፈተኑ።

ነገር ግን ወፎቹ ራሳቸው እርስ በርስ የሚለያዩት በምንድን ነው? እንግሊዛዊው ማይክል ሐሪስ በዌልስ ደሴቶች ላይ ባደረገውና በ1970 ባሳተመው ጥናት የብርማዋንና የጀርባ ጥቁሯን እንቁላሎች አለዋውጦ አስፈለፈለ። በእንጀራ እናት ያደጉት ጫጩቶች ካደጉ በኋላ ብዙዎቹ የተጋቡት ካሳደጓቸው ወገን ጋር ነበር። በጀርባ ጥቁሮች ያደጉት ብርማዎች ከወገናቸው ልማድ ውጪ ተሰድደው ፈረንሳይና ስፔን ድረስ ወረዱ። በብርማዎች ያደጉት ጀርባ ጥቁሮች ግን ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር አልቀሩም፤ ተሰደዱ። እንግዲህ ማንን ላግባ የሚለው በአመዛኙ ከአስተዳደግ፣ ጀርባ ጥቁሯን የሚጠራት የስደት መንገድ ግን ከዘር የመጣ ሆኖ ተገኘ።

በላባ የተጻፈ ቀን መቁጠሪያ

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የሙዚየም ሳጥንና የጠመንጃ ታሪክ ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን መነጽርና ካሜራ የያዙ ተራ ሰዎች መድረኩን ተካፈሉ። የቆሻሻ መጣያ ሥፍራና የዓሣ ወደብ ዳር እየቆሙ ወፍ በሕይወት ሳለች ማንበብ ጀመሩ። እንግሊዛዊው ፒተር ግራንት በ1982 ያወጣው መጽሐፍ ጋሎችን በየዕድሜያቸው፣ ዓመት በዓመት ለይቶ በማሳየቱ ለእነዚህ ሰዎች ፊደል ሆነላቸው።

በ1998 ደግሞ በወፍ ሥዕሎቹ የታወቀው ስዊድናዊው ላርሽ ዮንሶን ስለ ባልቲኳ ጀርባ ጥቁር ጋል ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። መለያው ቀለም ብቻ ሳይሆን ጊዜ እንደሆነ በዝርዝር አሳየ። ነገሩን እንመልከት።

የምዕራብ አውሮፓዋ ግራኤልሲ ስደቷ ቅርብ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከስፔንና ከሰሜን ምዕራብ አፍሪካ አታልፍም። ስለዚህ አትቸኩልም። ገና በመፈልፈያዋ ሳለች፣ በግንቦትና በሰኔ፣ የክንፏን ላባ መቀየር ትጀምራለች፤ በጥቅምትና በኅዳር ትጨርሳለች። የባልቲኳ ፉስኩስ ግን በግብፅና በዓባይ መንገድ እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚደርስ ረጅም ጉዞ ይጠብቃታል። ክንፏ ተሸራርፎ ያን ያህል አገር ልታቋርጥ አትችልም። ስለዚህ አብዛኛውን ቅያሬ አቆይታ በአሮጌ ግን በሙሉ ክንፍ ትነሣለች፤ ላባዋን የምትቀይረው አፍሪካ ደርሳ ስታርፍ ነው። የሆይግሊን ጋል ደግሞ እዚህም መሐል ቤት ናት። ሰሜን ሳለች ትጀምራለች፤ ለጉዞ ስትነሣ ታቋርጣለች፤ በብርዱ ወራት ማረፊያዋ ትፈጽማለች።

ከሁሉ የሚገርመው የልጆቹ ነገር ነው። አንድ ዓመት የሞላት ፉስኩስ በፀደይ ወደ ሰሜን ስትመለስ የበረራ ላባዎቿ አዲስና ጥቁር ናቸው፤ የመጀመሪያውን ቅያሬ አፍሪካ ላይ ጨርሳለችና። በተመሳሳይ ዕድሜ ያለች ግራኤልሲ ግን የሕፃንነት ቡናማ ላባዋን ገና አላራገፈችም። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው አንዷን «ይህች ወፍ የአፍሪካን ፀሐይ ያየች ናት» ሊላት ይችላል። አዲስ ላባ የጉዞ ማኅተም ሆነ ማለት ነው።

ሰንሰለቱ ተበጠሰ

በ2004 ዶሪት ሊበርስ፣ ፒተር ደ ክናይፍና አንድሬያስ ሄልቢግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ላይ ጥናት አወጡ። ርእሱ ራሱ ፍርድ ነበር፤ የብርማዋ ጋል ወገኖች ክብ ሰንሰለት አይደሉም ይላል። ከእናት ወደ ልጅ ብቻ የሚወርደውን የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ መርምረው ያገኙት ነገር ማየር ከጻፈው ጋር አልገጠመም።

እንደ ጥናቱ ከሆነ የእነዚህ ጋሎች አያቶች ቀድሞም ሁለት መጠጊያዎች ነበሯቸው፤ አንዱ በሰሜን አትላንቲክ፣ ሌላው በአራልና በካስፒያን ባሕሮች አካባቢ። የአሜሪካዋ ብርማ ጋል የአውሮፓዋ እናት አይደለችም። የአሜሪካዎቹ አመጣጥ ከእስያ በኩል ሲሆን አትላንቲክን ተሻግረው አውሮፓ አልሰፈሩም። ሰንሰለቱ የሚገጥምበት ቀለበት ከመጀመሪያውም አልነበረም። ሁለቱ ወፎች ብርማ በመሆናቸው ዘመዳሞች መሰሉ እንጂ መልካቸው ብቻውን የዝምድና ማስረጃ አልነበረም። ማየር ይህ ሲታተም በሕይወት ነበር፤ በ2005 በመቶ ዓመቱ አረፈ።

በ2024 የአሜሪካ የአእዋፍ ጥናት ማኅበር የአሜሪካዋን ብርማ ጋል ከአውሮፓዋ የተለየች ዝርያ ብሎ መዘገበ። የሆይግሊን ጋል ግን እስከ ዛሬ ድረስ ባለጉዳይ ናት። አንዳንዱ ዝርዝር የፉስኩስ ንዑስ ዝርያ ያደርጋታል፤ አንዳንዱ ጸሐፊ ራሷን የቻለች ዝርያ ይላታል። እሷ ግን ጉባኤው እስኪስማማ አልጠበቀችም፤ በየዓመቱ ሄዳ ትመለሳለች።

ታዲያ የማየር ታሪክ ወድቆ የድዋይትና የዮንሶን ዘዴ ለምን ጸና? ማየር የፈለገው ሁሉን በአንድ ክብ የሚጠቀልል መልስ ነበር። ላባ ቆጣሪዎቹ ግን የጠየቁት ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ይህች አንዲት ወፍ ማን ናት? ከየት መጣች? መቼ? ትልቁ መልስ በአዲስ ማስረጃ ሲፈርስ ለትንሹ ጥያቄ የተሰበሰበው ማስታወሻ እንዳለ ቀረ።

ማን ጎደለ?

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣነው ጥያቄ እንመለስ። የጀርባ መጥቆርና የላባ ቅያሬ ምን ያደርግልናል?

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ የምዕራብ አውሮፓዎቹ ጀርባ ጥቁር ጋሎች፣ ግራኤልሲና ኢንተርሜዲየስ፣ ቁጥራቸው ጨመረ። በዝርያ ደረጃ የሚቆጥር ሰው «ላሩስ ፉስኩስ ደኅና ናት» ይላል። የዓለም አቀፉ የአደጋ ዝርዝርም ዝርያዋን ከማያሰጉት መካከል ያስቀምጣታል። በዚያው ዘመን ግን የባልቲኳ፣ ሊኔየስ መጀመሪያ ስም የሰጣት የጥንቷ ጥቁር ፉስኩስ፣ በፊንላንድ ደሴቶች ላይ እየመነመነች ነበር። ጫጩቶች በብዛት ሲሞቱ ታየ። የፊንላንድ ተመራማሪዎች ሬሳቸውን ሲመረምሩ የፀረ ተባይ መርዝ ቅሪት አገኙ። አንድ ባሕር ከሚጋሩት ብርማ ጋሎች ጋር ሲያነጻጽሯቸውም የመርዙ ከፊል ከብርዱ ወራት ማረፊያቸው፣ ማለትም ከአፍሪካ፣ ይዘውት የሚሄዱት ሳይሆን አይቀርም ብለው ጠረጠሩ። ወፏ በፊንላንድ የአደጋ መዝገብ ውስጥ ገብታለች።

ይህ ጥርጣሬ እኛን ይመለከታል። በ2014 የታተመ ጥናት በስምጥ ሸለቆ አካባቢያችን በሚገኙ ዓሦችና ዓሣ በል ወፎች አካል ውስጥ የዲ.ዲ.ቲ ቅሪት መገኘቱን አሳይቷል። ዲ.ዲ.ቲ በአገራችን ለረጅም ዘመን የወባ ትንኝ መከላከያ ሆኖ የተረጨ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ሕይወትም አትርፏል። ከውሃ ወደ ዓሣ፣ ከዓሣ ወደ ወፍ የሚሄደው ግን ወደ ሰውም ይሄዳል። የሐይቁን ዓሣ የምንበላው ከወፎቹ ጋር ነውና።

እንግዲህ ንዑስ ዝርያን መለየት የቻሉት ሰዎች ባይኖሩ ኖሮ የአንዷ መብዛት የሌላዋን ማለቅ በሸፈነው ነበር። አሥር ሺህ መጥተው አሥር ሺህ የጎደሉበት ሒሳብ ድምሩ ዜሮ ነው፤ ማንም አያለቅስበትም። መለየት ያስፈለገው ማን እንደ ጎደለ ለማወቅ ነው። ዛሬ የፊንላንድ ሰዎች በጥቂቶቹ ወፎች ጀርባ ላይ የሳተላይት መከታተያ አስረው እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ ድረስ መንገዳቸውን ያነባሉ። መከታተያ ያልታሰረላትን ግን አሁንም የሚያነባት ያው የድሮው ዘዴ፣ ዓይንና ላባ ነው።

በቋንቋችን «መለየት» እና «መለያየት» ከአንድ ግንድ የወጡ ቃላት ናቸው። እረኛ በጎቹን ይለያል፤ አንዷ ብትቀር ተመልሶ ይፈልጋታል። መለያየት ግን ሌላ ነገር ነው፤ አጥር ማጠርን ይመስላል። በጋሎቹ ታሪክ ውስጥ ሁለቱም ፍላጎቶች ተሰልፈው ይታያሉ። ድንበር የፈለጉት ሰዎች ከአንድ ዝርዝር ወደ ሌላ ሲያዟዟሩ ኖሩ፤ ድንበሩም እስከ ዛሬ አልጸናላቸውም። ድንበር የለም፣ ሁሉም አንድ ክብ ነው ያሉትም ተረቱ። የተጠቀሙት አንዲትን ወፍ በትዕግሥት ያዩት ናቸው።

ይህ የወፎች ታሪክ ነው፤ ለሰው ልጅ እንዳለ አይተረጎምም። እኛ ሰዎች፣ ጥቁራችንም ነጫችንም፣ አንድ ዝርያ ነን። የቆጣሪ ጠባይ ግን ወፍ ቢቆጥርም ሰው ቢቆጥርም ያው ነው። በየዘመኑ መልክ አይቶ ዘር የሚፈርድ አይጠፋም፤ ልዩነት የሚባል የለም ብሎ የአንዱን ጉድለት በሌላው ትርፍ የሚሸፍንም አይጠፋም። ከሁለቱ ስሕተቶች የሚጠብቀው ጥያቄ ላባ ቆጣሪዎቹ የጠየቁት ነው። ይህ ከየት መጣ? በምን መንገድ አለፈ? ዘንድሮ ስንቱ ተመለሰ?